የሰዓት ድንጋይ አመራረጥ፦ ለትናንሽ መሣሪያዎች ትክክለኛውን ባትሪ ለይቶ መግዛት

ጎንደር ፒያሳ ላይ ሰዓት፣ ካልኩሌተርና የመሳሰሉትን ትናንሽ ዕቃዎች በመጠገን እተዳደራለሁ። «ተበላሸ» ተብለው ከሚመጡልኝ ዕቃዎች መካከል ብዙዎቹ ምንም ያልሆኑ፣ የተሳሳተ ባትሪ ብቻ የገባባቸው ናቸው። በአንድ የፈተና ሰሞን አንድ የምህንድስና ተማሪ ካልኩሌተሩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ትናንት አዲስ ድንጋይ አስገብቼለት ዛሬ ጠፋ፤ ነገ ፈተና አለብኝ» አለኝ። የጀርባውን ብሎኖች ፈትቼ ባትሪውን ሳወጣው አንዱ ፊቱ ላይ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ነበረበት፤ ወረቀቱን ስልጠው ደግሞ ከሥሩ በመርፌ የተበሱ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ታዩ። ለጆሮ መስሚያ መሣሪያ የሚሠራው 675 የሚባለው ባትሪ ነበር። ዲያሜትሩ 11.6 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 5.4 ሚሊሜትር ስለሆነ ካልኩሌተሩ ከሚፈልገው ከኤልአር 44 ጋር በመጠን አንድ ነው፤ ስለዚህ ያለ ምንም ችግር ልክክ ብሎ ገብቷል። ይሁን እንጂ ኃይሉን የሚያመነጨው ከአየር በሚያገኘው ኦክሲጅን ስለሆነ፣ ወረቀቱ ሳይነሣለት በውስጡ በቀረችው ጥቂት አየር ለትንሽ ጊዜ ሠርቶ ቆመ። ወረቀቱ ተነሥቶለት ቢሆን እንኳ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደርቆ ማለቁ አይቀርም ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ልክ የገባ ባትሪ ሁሉ ትክክለኛ ባትሪ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። በተለምዶ «የሰዓት ድንጋይ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው እነዚህ ክብ ባትሪዎች በውስጣቸው ባለው ንጥረ ነገር፣ በቮልቴጃቸውና በጠባያቸው በጣም የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነታቸውም ፊታቸው ላይ ተጽፏል።

አሮጌውን ባትሪ ሳያነቡ አይጣሉት

የመጀመሪያው ሥራ በዕቃው ውስጥ ያለውን ባትሪ አውጥቶ ማንበብ ነው። ከማውጣትዎ በፊት የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደነበረ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የመደመር ምልክት ባለበት በሰፊው ጠፍጣፋ ፊት ላይ ነው። ፊደሎቹ ብረቱ ላይ የተቀረጹ ስለሆኑ በትልልቆቹ ባትሪዎች ላይ በቀላሉ ሲታዩ፣ በሰዓት ባትሪዎች ላይ ግን ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ናቸው። ባትሪውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉትና መስኮት አጠገብ ሆነው ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ቀስ ብለው ያዘንብሉት፤ ያን ጊዜ ቅርጹ ጥላ ስለሚጥል ፊደሎቹ ይወጣሉ። ዓይንዎ ካልደረሰበት በስልክዎ ካሜራ አቅርበው ያንሡት።

አሮጌው ባትሪ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል ግን አይርሱ። ከእርስዎ በፊት ዕቃውን የከፈተ ሰው ያገኘውን አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በባትሪው ማስቀመጫ ውስጥ፣ በክዳኑ ላይ ወይም በመመሪያው ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ፣ ከአሮጌው ባትሪ ይልቅ እሱን ይመኑ።

ፊደሎቹ ምን ይናገራሉ?

በዓለም አቀፉ አሰያየም መሠረት የመጀመሪያው የላቲን ፊደል ባትሪው ከምን እንደተሠራ፣ ቀጥሎ የሚመጣው «አር» ደግሞ ቅርጹ ክብ መሆኑን ያመለክታል። ገዢው በደንብ ሊያውቀው የሚገባው የመጀመሪያውን ፊደል ነው።

«ሲ» ሊቲየም ሲሆን ቮልቴጁ 3 ነው፤ የመኪና ሪሞት፣ የኮምፒውተርና የብዙ የስኳር መለኪያዎች ባትሪ ከዚህ ወገን ነው። «ኤል» 1.5 ቮልት የሚሰጠው አልካላይን፣ «ኤስ» ደግሞ 1.55 ቮልት የሚሰጠው የብር ኦክሳይድ ነው። «ፒ» ከላይ ያነሣሁት፣ አየር የሚስበው የዚንክ ባትሪ ሲሆን ቮልቴጁ ወደ 1.4 ይጠጋል።

ኤልና ኤስ በቁጥር ሲታዩ የአንድ ቮልት አምስት መቶኛ ብቻ ስለሚለያዩ ብዙ ሰው አንድ ናቸው ይላል። ልዩነታቸው የሚታየው ግን በአዲስነታቸው ሳይሆን እያገለገሉ ሲሄዱ ነው። አልካላይን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ እየወረደ ይሄዳል፤ የብር ኦክሳይዱ ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ በ1.55 አካባቢ ጸንቶ ቆይቶ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ለአሻንጉሊት ወይም ለትንሽ መብራት ይህ ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም። ለእጅ ሰዓት ግን ወሳኝ ነው፤ አልካላይን ከብር ኦክሳይድ ይልቅ የማፍሰስ ጠባይ ስላለውም፣ ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል የሚችለውን የሰዓት ማሽን በአንድ ክረምት ሊበላው ይችላል። የዋጋው ልዩነት ሰዓቱን ከማጣት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ፣ ለእጅ ሰዓት አልካላይን እንዲገባ አልመክርም፤ ደንበኛ ቢጠይቀኝም ምክንያቱን አስረድቼ የብር ኦክሳይዱን እሰጠዋለሁ።

በብር ኦክሳይድ ባትሪዎች ስም መጨረሻ ላይ የሚመጡት ፊደሎችም ትርጉም አላቸው። «ኤስ ደብሊው» የሚለው ጥቂት ኃይል ለሚወስድ፣ ጠቋሚ ብቻ ላለው ሰዓት የተዘጋጀ ነው። «ደብሊው» ብቻ ከሆነ ግን መብራት ወይም ደወል ላለው፣ አልፎ አልፎ ብዙ ኃይል ለሚጠይቅ ሰዓት ነው። በዚህ መሠረት ኤስአር 626 ኤስ ደብሊውና ኤስአር 626 ደብሊው በመጠን እኩል ሆነው የመጀመሪያው 377፣ ሁለተኛው ደግሞ 376 ተብለው ይሸጣሉ።

ቁጥሮቹን ማንበብ

አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ሲያገኙ ከሁለት ይክፈሉት። በ2032 ውስጥ 20 የሚለው ዲያሜትሩን በሚሊሜትር፣ 32 የሚለው ውፍረቱን በአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ይገልጻል፤ ማለትም 20 ሚሊሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። 2025 ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 2.5፣ የ2016 ደግሞ 1.6 ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውፍረቱ፣ የመጀመሪያው አንዱ ስፋቱ ነው፤ በስፋቱ ላይ ከነጥብ በኋላ ያለው ስለሚተው 626 የሚባለው በእውነተኛ ልኬቱ 6.8 በ2.6 ሚሊሜትር ይሆናል። እንደ 41 እና 44 ያሉት ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥሮች ግን የተሰየሙ መለያዎች እንጂ ልኬት አይደሉም። 41 ማለት 7.9 በ3.6፣ 44 ማለት ደግሞ 11.6 በ5.4 ሚሊሜትር ነው።

ቅዳሜ ገበያም ሆነ በየሱቁ በካርቶን ላይ ተደርድረው የሚሸጡት ርካሽ ባትሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት «ኤጂ» በሚል ፊደልና በቁጥር ነው። ኤጂ 13 ማለት ኤልአር 44፣ ኤጂ 3 ማለት ኤልአር 41፣ ኤጂ 10 ማለት ኤልአር 1130፣ ኤጂ 4 ማለት ኤልአር 626፣ ኤጂ 1 ማለት ኤልአር 621 ነው። አንዳንዱ ካርቶን ከኤጂ 4 ጎን «377» ብሎ ጨምሮ ስለሚጽፍ ገዢው የብር ኦክሳይዱን ያገኘ ይመስለዋል። «ኤጂ» የሚል ካዩ በእጅዎ ያለው አልካላይን እንደሆነ ይቁጠሩት።

በመጠን ተመሳስለው የሚያሳስቱ

ከ675 ሌላ የጆሮ መስሚያው 312 ከኤልአር 41 ጋር በመጠን እኩል ስለሆነ ለቴርሞሜትር ተብሎ በስህተት ይገዛል።

2025ን በ2032 ቦታ ማስገባት ቮልቴጁ አንድ ስለሆነ ዕቃውን አያቃጥልም፤ ግን ስለሚላላ ሪሞቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ክፍተቱን በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት መሙላት የተለመደ መላ ቢሆንም፣ ወረቀቱ ተንሸራትቶ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ካገናኘ ባትሪው ይግላል፤ ስለዚህ ይህን አያድርጉ። በተቃራኒው 2032ን በ2025 ቦታ በግድ መጫን የብረቱን ምላስ አጣምሞ ሌላ ጊዜ ትክክለኛው ባትሪ ሲገባ እንኳ እንዳይነካ ያደርገዋል።

ከሁሉም የከፋው ሁለት 2016 ባትሪዎችን ደርቦ በአንድ 2032 ቦታ ማስገባት ነው። ውፍረታቸው ሲደመር በትክክል 3.2 ሚሊሜትር ስለሚሆን ልክ ይገባሉ፤ ቮልቴጃቸው ግን ተደምሮ 6 ስለሚሆን ለ3 ቮልት የተሠራውን ዕቃ ሊያቃጥለው ይችላል። እንደዚሁም «ኤልአይአር 2032» የሚል ጽሑፍ ያለው ባትሪ በቻርጅ የሚሞላ ዓይነት ነው፤ ሲሞላ እስከ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ በሲአር 2032 ምትክ አይገባም። ሲአር 2032ም ቻርጅ ተደርጎ አይሞላም፤ ለመሙላት መሞከር ሊያፈነዳው ይችላል።

በብርሃን የሚሠሩ ሰዓቶች ውስጥ ያለውም ክብ ነገር ተራ ባትሪ አይደለም፤ ኃይል እየሞላ የሚያስቀምጥ ልዩ ክፍል ነው። በእሱ ምትክ ተራ የብር ኦክሳይድ ማስገባት ባትሪውን ያለ ዐቅሙ ማስሞላት ስለሆነ ሰዓቱን ያበላሻል።

ለየትኛው ዕቃ የትኛው?

ከዚህ የሚከተለው በብዛት የሚያጋጥመው ነው እንጂ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን የሚሽር አይደለም። ባለ ጠቋሚ የእጅ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ 377 ወይም 364 ይወስዳል። ታዋቂው ካሲዮ ኤፍ-91 ደብሊው የሚሠራው በሲአር 2016 ነው። ተማሪዎች የሚይዙት ካሲዮ ኤፍኤክስ-991 ኢኤስ ፕላስ ኤልአር 44 ይፈልጋል። የኮምፒውተር ሰዓት ኃይሉ ሲቋረጥ ወደ ኋላ እየተመለሰ ካስቸገረ፣ በእናት ሰሌዳው ላይ ያለው ሲአር 2032 አልቋል ማለት ነው። ዲጂታል ቴርሞሜትር በብዛት ኤልአር 41 ነው። የመኪና ሪሞት ግን ከ2032፣ 2025፣ 2016፣ 1620 እና 2450 አንዱን ሊወስድ ስለሚችል ሳይከፍቱ አይግዙ።

የእጅ ሰዓት ባትሪ ምን ያህል መቆየት እንዳለበት በሒሳብ ማየት ይቻላል። የ377 ዐቅም ወደ 27 ሚሊ-አምፔር ሰዓት ይጠጋል፤ ተራ ባለ ጠቋሚ ሰዓት ደግሞ ወደ አንድ ማይክሮ-አምፔር ይወስዳል። አንድ ሚሊ-አምፔር አንድ ሺህ ማይክሮ-አምፔር ስለሆነ፣ ሲካፈል 27,000 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናል። በስድስት ወር ካለቀ ወይ ባትሪው አልካላይን ወይም አሮጌ ነበር፣ ወይ የሰዓቱ ማሽን ቆሽሾ ከልክ በላይ እየሳበ ነው። የሰከንድ ቆጣሪው ሁለት ሁለት ሰከንድ እየዘለለ መሄድ ሲጀምር ግን ብልሽት አይደለም፤ ብዙ ሰዓቶች ባትሪያቸው ሊያልቅ ሲል የሚያስጠነቅቁት በዚህ መንገድ ነው።

የጆሮ መስሚያ ባትሪ በቀለም ይለያል፤ ቢጫው 10፣ ቡናማው 312፣ ብርቱካናማው 13፣ ሰማያዊው 675 ነው። ወረቀቱ ከተነሣ በኋላ አየር እስኪገባበት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቀው ያስገቡት። አንዴ ከተነሣ መልሶ መለጠፍ ዕድሜውን አያድንም። በአገራችን የበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ስለሚሆን በውስጡ ያለው እርጥበት ቶሎ ይተናል፤ ስለዚህ ለነገ ብለው ዛሬ አይላጡት።

በስኳር መለኪያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪ ሲቀየር በብዙዎቹ ላይ ቀንና ሰዓቱ ስለሚጠፋ፣ ከቀየሩ በኋላ ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም ከእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ልዩነት እንዳለው አስበው በትክክል ያስተካክሉ። ሐኪሙ የተመዘገበውን ሲያይ የጧቱን ልኬት ከማታው ጋር እንዳያምታታው ይረዳል።

ሲገዙ

ከታሸገ ጥቅል ይግዙ እንጂ፣ በሣጥን ውስጥ ተደባልቀው ከተከማቹት አይምረጡ። እርስ በርስ ሲነካኩ የቆዩ ባትሪዎች ሳይሠሩ ያልቃሉ። የማለቂያ ዘመኑን ያንብቡ፤ ዘመኑ የተጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ግን አይዘንጉ። እኛ 2018 ዓ.ም. ላይ ሆነን ጥቅሉ ላይ «2024» የሚል ስናይ ገና ስድስት ዓመት የቀረው ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል። ሊቲየሙ እስከ አሥር ዓመት ሊቀመጥ ሲችል፣ አልካላይን ከዚያ በጣም ያነሰ ዕድሜ ስላለው በእሱ ላይ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ጥቅሉ ላይ ባትሪው ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈ ከሆነ ሌላ ይጠይቁ።

በቴስተር መለካት

ቴስተር ካለዎት በቀጥታ ቮልቴጅ 20 ላይ አድርገው ቀዩን በሰፊው ፊት፣ ጥቁሩን በትንሹ ፊት ያስነኩ። አዲስ ሊቲየም ከ3 እስከ 3.3፣ አዲስ የብር ኦክሳይድ 1.55 አካባቢ፣ አዲስ አልካላይን ከ1.5 በላይ ማሳየት አለበት። በአምፔር መለኪያ ላይ ግን ፈጽሞ አያስነኩት፤ ባትሪውን ከራሱ ጋር ማገናኘት ይሆናል። የደከመ ባትሪ ሥራ ሳይሰጠው ሲለካ ደህና መስሎ ስለሚታይ፣ እኔ አንድ ሺህ ኦም ሬዚስተር ከሁለቱ ፊቶች ጋር አገናኝቼ እየለካሁ አያለሁ። ደህናው ከነበረበት ብዙም አይነቃነቅም፤ የደከመው ዓይኔ እያየ ይወርዳል።

ማስገባት

ባትሪውን በባዶ ጣት ፊትና ኋላውን ጨብጠው አይያዙት፤ የእጅ ላብና ቅባት በሁለቱ ፊቶች መካከል ቀጭን መተላለፊያ ስለሚፈጥር ኃይሉ እንዲባክን ያደርጋል። የፕላስቲክ ወረንጦ ከሌለዎት ጠርዙን ብቻ በደረቅ ጨርቅ ይያዙ፤ የብረት ወረንጦ ሁለቱን ፊቶች አንድ ላይ ከነካ ባትሪውን ያደክመዋል። ሁለት ወይም ሦስት ባትሪ በሚወስድ ዕቃ ውስጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዓይነት ይቀይሩ። በማስቀመጫው ውስጥ ነጭ ዱቄት ካገኙ አልካላይኑ አፍስሷል፤ ካልኩሌተር ወይም ሪሞት ከሆነ በጆሮ ጥጥ ላይ ጥቂት አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ነክረው ይጥረጉና በደንብ አድርቀው ባትሪውን ያስገቡ። የእጅ ሰዓት ከሆነ ግን ራስዎ አይንኩት፤ ጥርሶቹ በቀላሉ ስለሚጎዱ ለባለሙያ ይስጡ። ሥራው ሲያልቅ የቀየሩበትን ቀንና የባትሪውን ቁጥር በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀጭን ማርከር ይጻፉ።

ያለቀውን ባትሪ ሁለቱንም ፊት በፕላስተር ሸፍነው በክዳን በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ያጠራቅሙ። እሳት ውስጥ አይጣሉት።

ሕፃናት ባሉበት ቤት

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ እንዲነበብልኝ የምፈልገው ይህ ነው። ክብ ባትሪ፣ በተለይም 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሊቲየም፣ ትንሽ ልጅ ከዋጠው ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል። እርጥብ ከሆነው ሥጋ ጋር ሲነካካ ኤሌክትሪኩ በኔጌቲቩ በኩል ኃይለኛ አልካሊ ስለሚፈጥር በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። «አልቋል» ተብሎ የተጣለ ባትሪም በውስጡ ለዚህ የሚበቃ ኃይል ይቀረዋል። ስለዚህ ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ዕቃ ልጅ እንዲይዝ አይስጡ፣ ባትሪ ስትቀይሩ አሮጌውንም አዲሱንም ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትነሡ።

ልጁ መዋጡን ካወቁ ወይም ከጠረጠሩ፣ ምንም ምልክት ባያሳይም ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ እኛ ጎንደር ላለነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። እንዲያስመልሰው አያድርጉ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ በየአሥር ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር፣ እስከ ስድስት ጊዜ መስጠት ቃጠሎውን ያዘገየዋል። ማር ፍለጋ ግን ጉዞዎን አያዘግዩ። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም። ባትሪው አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባም ጠብታ ሳይጨምሩበት በዚያው ፍጥነት ያድርሱት። ሲሄዱ ባዶውን ጥቅል ወይም ያው ቁጥር ያለውን ሌላ ባትሪ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ስፋቱንና ዓይነቱን ከቁጥሩ ያነበዋል።